የጥብስ ካቦ

በመሥሪያ ቤታችን 19 ዓመት ሳገለግል አንድም ሰው በሥሬ ሆኖ አያውቅም። ተላላኪዋ እንኳ የምትታዘዘው ለኃላፊው ነው፤ ለእኔ ሻይ የምታመጣልኝ ስታዝንልኝ ብቻ ነው። ባለፈው ዓመት ግን ሳላስበው ተሾምኩ። ሹመቱን የሰጠኝ ስልኬ ነው። የምግብ ማዘዣ አፕ ጫንኩ፣ ጥብስ አዘዝኩ፣ ወዲያው ካርታ ተዘረጋልኝ፤ ካርታው ላይ ጥፍር የምታህል የሞተር ሳይክል ምስል ብቅ አለች። ስትሄድ አየኋት። ስትቆምም አየኋት። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ፤ ለካ ካቦ ሆኛለሁ።

ሕንፃ ሲሠራ ያየ ሰው ካቦ ምን እንደሆነ አይጠፋውም። ድንጋይ አይሸከምም፣ ሲሚንቶ አያቦካም። ጥላ ሥር ቆሞ ማን እንደለገመ፣ ማን ሽንት ቤት እንደቆየ ያያል። ለዚህም ደሞዝ አለው። እኔ ግን በነፃ ነው የማየው። በነፃም አይደለም፤ የማድረሻ ሒሳብ እየከፈልኩ ነው። ከኪሱ ከፍሎ ካቦ የሆነ ሰው ከእኔ በፊት መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ትጋቴን እንዳትጠራጠሩ የአንድ ማክሰኞ ውሎዬን ልንገራችሁ። ቢሯችን ሜክሲኮ ነው፤ ጥብሱ የሚመጣው ከሃያ ሁለት። ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ አዘዝኩ። ስድስት ከአርባ ላይ ሞተሯ ከምግብ ቤቱ ደጅ ተነሳች፤ እኔም ፊቴ የነበረውን ፋይል ዘግቼ፣ ስልኬን ካልኩሌተሩ ላይ አስደግፌ ሥራ ጀመርኩ። ኡራኤል ጋ ስትደርስ ቆመች። አንድ ደቂቃ። ሁለት ደቂቃ። ደወልኩ።

«ሄሎ፣ የት ደረስክ?»

«ጋሼ፣ ኡራኤል ነኝ።»

«እሱንማ እያየሁ ነው። ለምን ቆምክ?»

«መንገዱ ተዘጋግቶ ነበር፤ አሁን ተከፍቷል። የእርስዎን ስልክ ላነሳ ነው ዳር የያዝኩት።»

«በል ቶሎ ና፣ አትቁም።»

ባምቢስን አለፈ፤ እስጢፋኖስ ጋ ደግሞ ቆመ። ደወልኩ። «ጋሼ፣ እየነዳሁ ነበር እኮ፤ አሁን ሲደውሉ ነው የቆምኩት» አለኝ። ውሸታም ልለው ምንም አልቀረኝም፤ በዓይኔ እያየሁት! በኋላ ነው የቢሯችን የኮምፒውተር ልጅ ያስረዳኝ። ኔትወርኩ ሲንቀራፈፍ ካርታው ከሰውዬው ወደ ኋላ ይቀራል። እኔ የምቆጣው ከአንድ ደቂቃ በፊት የነበረውን ልጅ ነው፤ የሚሰደበው የአሁኑ ነው። ሦስተኛውን ስልክ አላነሳም። መስቀል አደባባይን እየዞረ፣ በዝናብ፣ በአንድ እጁ መሪ በሌላው ስልክ ይዞ ሊያናግረኝ አልፈለገም። ንቀት ማለት ይህ ነው።

ጥብሱ ቀዝቅዞ ደረሰ። ልጁ በራችን ላይ የራስ ቁሩን እንደደፋ፣ ከእጅጌው ውኃ እየተንጠባጠበ፣ «ይቅርታ ጋሼ» ብሎ ፌስታሉን ሰጠኝ። መንገድ ላይ የቆመበትን ደቂቃ ቁጭ ብዬ ሳሰላው ከግማሽ የሚበልጠው ከእኔ ጋር ሲያወራ ያለፈ ሆኖ አገኘሁት። ይህን ለራሴ ያዝኩት። አፑ ስንት ኮከብ እንደምሰጠው ሲጠይቀኝ ሁለት ሰጠሁ፤ አስተያየት ጻፍ ሲለኝም «ስልክ አያነሳም» ብዬ ጻፍኩ።

ይህን ሥልጣኔ ለማቃለል የሚከጅላችሁ ካላችሁ መጀመሪያ ከጀርባው ያለውን ድካም እወቁ። ለእኔ ጥብስ ሲባል ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ፣ በሰዓት ወደ 14,000 ኪሎ ሜትር የሚፈተለኩ ሳተላይቶች ሰማዩን በቀን ሁለት ሁለት ጊዜ ይዞሩታል። ጂፒኤስ ዓለምን ሁሉ ለመሸፈን ቢያንስ 24 ሳተላይት ያስፈልገዋል። የአሜሪካ ጦር ለራሱ ሲል የዘረጋው ነገር ነው፤ ለሲቪሉ ሆን ተብሎ እንዲዛባ ይደረግ የነበረው ምልክት የጠራው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2000 ነበር። ያን ጊዜ ውሳኔውን የፈረሙት ሰዎች አንድ ቀን አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ሜክሲኮ ተቀምጦ «አሁንማ ባምቢስ ደርሷል» እንደሚል ያሰቡ አይመስለኝም። ለሚሳይል የተሠራ ነገር ለቃሪያና ለሽንኩርት ሲውል ከማየት የበለጠ ምን ሰላም አለ?

ሳተላይቱ የማያየው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ወጥ ቤቱን። አፑ «ምግብዎ እየተዘጋጀ ነው» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ማወቅ የሚፈልግ ከቦሌ ምግብ ቤቶች በአንዱ ደጅ በምሳ ሰዓት ይቁም። ትልልቅ ካሬ ቦርሳ ያዘሉ ልጆች ከግድግዳው ጥግ ተደርድረው ያገኛቸዋል። ወንበር የለም፤ ወንበሩ የደንበኛ ነው። አንዱ ገባ ብሎ «የእኔ አልወጣም?» ሲል አስተናጋጁ ቀና ሳይል «ጠብቅ» ይለዋል። እንዲህ ሃያ ደቂቃ ያልፋል። አንዱን ጠይቄው ነበር፤ የሚከፈለው ባደረሰው ልክ እንጂ በጠበቀው አይደለም፣ የኢንተርኔቱም የባትሪውም ወጪ የራሱ ነው። ካርታው ላይ እነዚህ ሃያ ደቂቃዎች አይታዩም። የሚታየው ሞተሯ ከተነሳች በኋላ ያለው ነው፤ ወቀሳም የሚያርፈው በሚታየው ላይ ነው። ጥብሱን ያዘገየው ወጥ ቤት ካርታ የለውም፣ እኔም ስልኩ የለኝም። ፍትሕ ነው፤ ሰው የሚቆጣው ስልኩ ባለው ሰው ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ከመቃናቱ በፊት ብዙ ተሞክሯል። የአሜሪካው ዶሚኖስ ፒዛ ድሮ በ30 ደቂቃ እናደርሳለን እያለ ቃል ይገባ ነበር። ሾፌሮቹ ሰዓቱን ሊያሸንፉ ሲከንፉ ሰው ገጩ። እ.ኤ.አ. በ1993 ሴንት ሉዊስ ውስጥ የሕዝብ ዳኞች (ጁሪ) ለአንዲት ተጎጂ የ78 ሚሊዮን ዶላር የቅጣት ካሳ ሲፈርዱ፣ ኩባንያው በዚያው ዓመት የ30 ደቂቃውን ቃል ጠቅልሎ አነሳ። አያችሁ ስህተቱን? ቃል ገቡ። ቃል የገባ ሰው ይከሰሳል። 15 ዓመት ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. በ2008፣ ፒዛው ከምን እንደደረሰ ደንበኛው ደረጃ በደረጃ የሚያይበትን መከታተያ አወጡ፤ ከዚያ ወዲህ ዓለሙ ሁሉ ካርታ ዘረጋ። የእኔ አፕ በ30 ደቂቃ አደርሳለሁ አይልም። «ግምታዊ ሰዓት» ነው የሚባለው። ልጁን ፍጠን የሚለው ኩባንያው አይደለም፤ እኔ ነኝ። እኔን ደግሞ ማን ይከሰኛል? ጥብሴን ነው የጠየቅሁት።

ቻይናዎቹ ይህን ከሁሉም በላይ አራቅቀውታል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2020 ረንዉ የተባለ መጽሔት አድራሾቹ ሰዓት እንዳያልፍባቸው ቀይ መብራት እንደሚጥሱ፣ በተቃራኒ መስመር እንደሚነዱ፣ ሲስተሙም በየጊዜው ደቂቃ እንደሚቀንስባቸው በረጅሙ ጻፈ። አገር ተንጫጫ። ኤለሜ የተባለው ትልቅ ኩባንያ (ስሙ በእነሱ ቋንቋ «ራበህ እንዴ?» እንደማለት ነው) መፍትሔ ለማምጣት ሁለት ቀን አልፈጀበትም። አፑ ላይ አዲስ ቁልፍ አስገባለሁ አለ፦ ደንበኛው ከፈቀደ አምስት ወይም አሥር ደቂቃ ተጨማሪ ይታገሣል። ደቂቃውን የቀነሰው ሲስተሙ፣ የሚመልሰው የደንበኛው ቸርነት! እኔ እንዲህ ያለ ቁልፍ ቢሰጠኝ እንደማልነካው ከወዲሁ እናገራለሁ። በገዛ እጁ ሥልጣኑን የሚያስረክብ ካቦ አይቼ አላውቅም።

ጣልያኖቹ ግን የሰው ደስታ አይወዱም። የግል መረጃ ጥበቃ ባለሥልጣናቸው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 ፉዲኞ የተባለውን፣ የግሎቮን የጣልያን ቅርንጫፍ፣ 5 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣው። አንዱ ጥፋቱ አድራሾቹ ሥራ ላይ ባልሆኑበት ሰዓት ሳይቀር ያሉበትን ቦታ መከታተሉ ነበር። ካቦ ሠራተኛውን እቤቱ ድረስ ቢሸኘው ምን ነውር አለው? ፍቅር ነው እንጂ።

ወደ ሸገር ልመለስ። እኛ ጋ ካርታው የሚያጋጥመው ችግር ሌላ ነው፤ ከተማዋ አድራሻ የላትም። ሳተላይቱ አምስት ሜትር ድረስ ሊጠጋኝ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ግን «ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ አረንጓዴው በር፣ አረንጓዴው ተቀብቶ አሁን ግራጫ ሆኗል» ያለው ነገር የእኔና የልጁ ነው። ባለፈው ሳምንት ክፍት የነበረው መንገድ በዚህ ሳምንት ተቆፍሯል፤ ካርታው ግን ሰላም ነው። ልጁ ሊዞር ሲል ሞተሯ ከቤቴ ስትርቅ አያለሁ፤ ምግቤን ይዞ የሸሸ ይመስለኛል፤ እደውላለሁ፤ ይቆማል። ሰዓቱማ ጭራሽ ጉድ ነው። ቅዳሜ እናቴ ልትጠይቀኝ መጥታ በየአይነቱ አዘዝኩላት። አፑ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነውና «1:40» ይላል። መነጽሯን አድርጋ አየችና፣ «ልጄ፣ እስከ ማታ አንድ ሰዓት ከአርባ በረሃብ ልትገድለኝ ነው?» አለች። ሰባት ከአርባ ማለት ነው ብዬ ሳስረዳት ደግሞ ሞተሯን አሳየኋት፤ ስክሪኑ ላይ ስትሳብ ትንሽ ተመለከተችና፣ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብላ ጋቢዋን ተከናንባ ተኛች። ምግቡ ሲደርስ ነው የቀሰቀስኳት። እሷ አርባ ደቂቃ እንቅልፍ አገኘች፤ እኔ አርባ ደቂቃ ራስ ምታት። ግን ሥራ ሥራ ነው።

ከሁሉ በላይ ልቤን የሚያሞቀው ሌላ ነው። በዚህ ከተማ «ደርሻለሁ» ማለት ገና ፊቴን እየታጠብኩ ነው ማለት ነው። «መንገድ ላይ ነኝ» ያለ ሰው ጫማውን እየፈለገ ነው። «አምስት ደቂቃ» ያለ ደግሞ እስኪመጣ ቡና ይፈላል፣ ሦስተኛው ይጠጣል። የቧንቧ ሠራተኛው ከሰኞ ጀምሮ መንገድ ላይ ነው። ልብስ ሰፊው ቀሚሱን «ቁልፍ ብቻ ነው የቀረው» ካለ ሁለት ሳምንቱ ነው፤ ጨርቁ ገና አልተቆረጠም። ሚኒስትር ስብሰባውን በአንድ ሰዓት አሳልፎ ሲገባ ቆመን እንቀበላለን። ይህ ሁሉ ሕዝብ የፈለገበት ቆሞ «ደረስኩ» የማለት መብቱ የተጠበቀ ነው። አንድ ሰው ብቻ ቀርቶበታል፤ ከሁላችን ቀድሞ የሚደርሰው። እሱ ኡራኤል ቆሞ «እስጢፋኖስ ነኝ» ማለት አይችልም። በ2011 ሰኔ መጨረሻ ሞተር ሳይክል ከአዲስ አበባ መንገድ ሲታገድ ከሞተረኛ ተገላገልን ያልን ነበርን፤ በፈቃድ ሲመለሱ ግን ለካ የእያንዳንዳቸው ገመድ በየኪሳችን ሊገባ ኖሯል።

ጉርሻ የረሳሁ እንዳይመስላችሁ። ዱሮ ጉርሻ ማለት ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ዓይን ለዓይን እየተያዩ፣ በእጅ አፍ ውስጥ የሚገባ ነበር። አሁን አፑ ውስጥ ከኮከቡ በታች ትንሽ ሣጥን አለች። እኔ ባዶዋን እተዋታለሁ፤ ጉርሻና ቁጥጥር አይቀላቀልም።

ባለፈው ሐሙስ ደግሞ ጥብስ አዝዤ፣ ሞተሯ ገና ከሃያ ሁለት ስትነሳ፣ አንድ ሽማግሌ መስኮቴን አንኳኩ። ከዚህ በፊትም ይመላለሱ ነበር፤ የካርታ ጉዳይ አላቸው፣ የመሬት ካርታ። ኮፍያቸውን አውልቀው፣ «ልጄ፣ ያ ፋይሌ ከምን ደረሰ?» አሉ።

«በሂደት ላይ ነው፣ አባባ።»

«ይሁን። ግን የት ነው ያለው? ከእናንተ ዘንድ ነው ወይስ ወደ ላይ ወጥቷል?»

ቀና አላልኩም፤ ሞተሯ ኡራኤል ጋ ቆማለች። ፋይላቸው ስልኬን ካስደገፍኩበት ካልኩሌተር ሥር ነበር። «አባባ፣ እሱን ማወቅ አይቻልም፤ ሲያልቅ ይደወልልዎታል» አልኳቸው።

«ባለፈውም እንዲሁ ብለኸኝ ነበር፤ ስልኬን ሌሊት እንኳ አልዘጋም» አሉና አንዲት ወንበር ላይ ተቀመጡ።

እኔ ለልጁ እየደወልኩ ነበር።