የሩቅ ሐኪም

አምቦ ውስጥ አንድ ሕፃን ባሕር ማዶ ሊሄድ ነው ከተባለ፣ ሰፈሩ በአንድ ሳምንት በሕፃናት ሕክምና ይመረቃል። አባትየው የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው እንበል፤ ዶክትሬቱን ሊማር ሚስቱንና የአሥር ወር ልጁን ይዞ ሚኒሶታ ሊገባ ነው። የጉደር አክስት፣ የጊንጪ አጎት፣ የዕድሩ ጸሐፊ ሳይቀሩ ለልጁ ጤና የሚበጅ መላ ይዘው ይመጣሉ። መላው ታዲያ ባብዛኛው በኪሎ የሚመዘን ነው።

ለአንድ ሰው የሚፈቀደው ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱም 23 ኪሎ ነው። መጀመሪያ ቅቤ ይገባል፤ «የልጁን አንጀት ያለሰልሳል»። ቀጥሎ በሶ፣ የአብሽ ዱቄት፣ ምጥን፣ በወረቀት የተጠቀለለ የጤና አዳም ፍሬ። ከዚያ የወንጪ ማር፤ «ሳል ሲጀምረው በጣትሽ ጫፍ ታቀምሺዋለሽ»። ዓመት ያልሞላው ልጅ ማር መቅመስ እንደሌለበት ማንም አያነሳም። ማር ውስጥ ሊኖር የሚችለው የቦቱሊዝም ዘር በትልቅ ሰው ሆድ ሳይጎዳ ቢያልፍም፣ በሕፃን አንጀት ውስጥ ግን አድጎ መርዝ ይረጫል። ሚዛኑ 26 ሲያሳይ የሆነ ነገር መውጣት አለበትና ይመከራል። ቅቤው አይነካም። በርበሬው አይታሰብም። የሚወጡት ቴርሞሜትሩና የትኩሳት ሽሮፑ ናቸው፤ «ይሄ እኮ እዚያ ሞልቷል!»

ቅቤን ካነሳን አይቀር፣ ሕጋችንም ያውቀዋል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 561፣ አራስ ሕፃንን ለሞት የሚያደርሱ ጎጂ ልማዶችን ሲዘረዝር ቅቤ ማብላትንና ፀሐይ መከልከልን በስም ይጠራል። ሕግ አውጪው ጓዳችን ድረስ ዘልቆ አይቶናል ማለት ነው። የልጁ ቅድመ አያት አኮ ግን አንቀጽ አይፈሩም። «ሁላችሁንም ቅቤ አውጬ አይደል ያሳደግኋችሁ?» ይላሉ። ክርክሩ በዚሁ ይዘጋል፤ ያላደጉት ለምስክርነት አይቀርቡማ።

የፀሐይዋም ነገር እንዲሁ ነው። «የ13 ወር ፀሐይ» እያልን ለቱሪስት ስንሸጣት ኖረናል፤ የገዛ ልጃችንን ግን በጋቢ ላይ ጋቢ ደርበን ከብርድ፣ ከነፋስና ከሰው ዓይን እንሸሽገዋለን። እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ የአዲስ አበባ ጥናት፣ የሳንባ ምች ከያዛቸው 500 ሕፃናት 210ሩ ሪኬትስ ነበረባቸው ይላል፤ ምቹ ካልያዛቸው 500 ደግሞ 20ው ብቻ። ሪኬትስ ማለት ፀሐይ የራበው አጥንት ነው። የራበው ደግሞ ፀሐይ ደጅ ላይ በነጻ በሚፈስበት አገር ነው።

ከሁሉ የሚያስደነግጠው የአክስትየው መላ ነው። «እንጥሉን እዚሁ አስቆርጡለት፤ እዚያ ቆራጭ አታገኙም።» እውነታቸውን ነው፣ አይገኝም። ደም እየፈሰሰው፣ ቁስሉ እያመረቀዘ ስንቱ ሕፃን እንደተጎዳ የሚያውቅ አገር፣ ላልታመመ ጉሮሮ ምላጭ የሚስል ባለሙያ አያስቀምጥም። አክስትየው ግን ይህን እንደ ትልቅ የኑሮ ጉድለት አይተው ያዝናሉ።

በዚህ መሐል የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ብቅ ትላለች። እሷን የመሰሉ ሴቶች ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ቤት ለቤት እየዞሩ ያስተምራሉ። ቡና ይቀርብላታል፣ እሷም ትናገራለች፦ ልጁን ጠዋት ጠዋት ፀሐይ አሙቁት፤ ማሩ ይቆይ፤ እንጥሉን አታስነኩ፤ የክትባት ካርዱን በእጅ ሻንጣ ያዙ። «የማን ልጅ ነሽ?» ይሏታል። የልብስ ሰፊው ልጅ መሆኗ ሲታወቅ ምክሯ ወዲያው ይረክሳል። ትናንት በባዶ እግሯ ስትሮጥ ያዩዋት ልጅ ዛሬ ምን ልታውቅ? «እሺ የኔ ልጅ» ተብላ ትሸኛለች፤ ሸንጎውም ወደ ቅቤው ይመለሳል።

የመሄጃው ቀን ደርሶ ሚኒባስ ውስጥ ሲገባ ትዕዛዙ አንድ ነው፦ «መስኮት ዝጉ፣ ልጅ ይዘናል!» ከአምቦ አዲስ አበባ ከ100 ኪሎ ሜትር የሚበልጠው መንገድ በታፈነ አየር ይጋመሳል። የኋላ ወንበር ላይ ያለው ተሳፋሪ ሳንባው እስኪወጣ ያስላል፤ እሱን የሚፈራ የለም። ኩፍኝም ቲቢም የሚወዱት እንዲህ ያለውን የተዘጋ ቤት ነው። ንጹሑ ነፋስ ግን ከጣራው በላይ እያፏጨ፣ እንደ ወንጀለኛ ውጭ ቀርቶ ይከተላቸዋል።

ሚኒሶታ ሲደርሱ ሐኪሙ በቅድሚያ የሚጠይቀው የክትባት ካርዱን ነው። ካርዱ አምቦ ነው፤ እንዳይጠፋ ተብሎ ከይዞታ ማረጋገጫው ጋር ቁም ሣጥን ውስጥ በክብር ተቆልፎበታል። በአሜሪካ አሠራር ቀን የተጻፈበት ማስረጃ ከሌለ ልጁ እንዳልተከተበ ይቆጠራል። አባት የልጁን እጅጌ ሰብስቦ «ምልክቱ ይኸው!» ይላል። ያ የቢሲጂ ጠባሳ ነው፤ ልጁ በስድስተኛው፣ በአሥረኛውና በአሥራ አራተኛው ሳምንት ስለወሰዳቸው ክትባቶች የሚናገረው ነገር የለም። ካርዱ ፎቶ ተነስቶ በቴሌግራም ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይዞ ይመጣል። ልጁ የተወለደው ጥቅምት 2016 ነው ይላል። ነርሷ ሕፃኑን አየት፣ ካርዱን አየት ታደርጋለች፤ በእሷ አቆጣጠር እናቱ ጡት ላይ የተለጠፈው ጎረምሳ ስምንት ዓመት ሊሞላው ነው። በጳጉሜ የተከተበ ልጅ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ኮምፒውተሩ 13ኛ ወር ይፈልግለት ነበር። በ9 ወሩ የወሰደው የኩፍኝ ክትባት ከ12 ወር በፊት ስለሆነ እዚያ አይቆጠርለትምና መደገሙ አይቀርም፤ የቀረውን ግን ጤና ጣቢያ ሄዶ ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ማስጻፍ ያድነው ነበር። ለዚህ ግን ጊዜ አልነበረም፤ ቅቤ ሲነጠር ነበር።

ሐኪሙ ይቀጥላል። ጡት ለሚጠባ ሕፃን በቀን 400 ዩኒት ቫይታሚን ዲ በጠብታ ያዝዛል፤ የሚኒሶታ ክረምት ፀሐይ አትታመንምና። ማር ዓመት እስኪሞላው ይቆይ ይላል። የጉሮሮው ሥጋ ደኅና ነው፣ ማንም እንዳይነካው ይላል። ካርዱን አትጣሉ ይላል። እናት እያንዳንዷን ቃል ማስታወሻ ላይ ትጽፋለች። ማታውኑ በኢሞ ወደ አምቦ ይደወላል፤ በማግስቱ አኮ ሰፈሩን ሰብስበው የባሕር ማዶውን ዜና ያበስራሉ። «ለካ ለሕፃን ፀሐይ መድኃኒት ኖሯል! የአሜሪካ ሐኪም ነው ያለው!» የልብስ ሰፊው ልጅም ቡናዋን ይዛ ተቀምጣ ትሰማለች። አኮ ወደ እሷ ዞር ብለው በእናትነት ይመክሯታል፤ «አንቺም እየዞርሽ ለሰው ብትነግሪው ጥሩ ነበር።»

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል፤ ምክርም ውቅያኖስ ካልተሻገረ ዋጋ አያወጣም። የሚገርመው ግን ወዲያ ተሻግረው የኖሩትም ከዚህ አመል አለመዳናቸው ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ቤተሰቡ ዘመድ ጥየቃ ይመጣል። ያ በቅቤ የተሸኘ ልጅ አሁን በእጅ ማጽጃ ተከብቧል። አኮ ሊስሙት ሲጠጉ መዳፋቸው ላይ ጠብ ይደረግላቸዋል። ሹካው ይቀቀላል፤ የሚጠጣው የታሸገ ውሃ ብቻ ነው፤ የጎረቤት ልጅ ካስነጠሰ ጨዋታው ይቋረጣል። እስካሁን ደኅና፤ ከተቅማጥ የሚያስጥል ጥንቃቄ ቢበዛ አይጠላም። አምቦ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናትና ወባውም ብዙ አያሰጋም።

ከዚያ ባኮ ያለው አጎት ቤት ይኬዳል። ባኮ 1,650 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ቆላው ይጀምራል፣ ትንኙም አብሮ። ልጁ ወባ የሚባል ነገር ነክቶት አያውቅም። ባኮ ተወልዳ ያደገችው እናቱ እንኳ ከአካባቢው ርቃ ስትኖር፣ ሰውነቷ ያካበተው መቋቋሚያ እየከዳት መጥቷል። ሚኒሶታ ያለው ሐኪም ይህን አስልቶ፣ በልጁ ክብደት ልክ የሚመጠን የወባ መከላከያ መድኃኒት ከመነሳታቸው በፊት እንዲጀምሩ መክሯቸው ነበር። አባት በመንገድ ሁሉ ሲስቅበት መጥቷል። አጎት የዘረጉትን አጎበርም «ይሞቃል» ብሎ ጠቅልሎ ትራስ አድርጎታል። የእጅ ማጽጃው ግን ከኪሱ አልወጣም፤ ትንኟን ሲያገኛት ሊያስታጥባት ነው መሰል።

አምቦ በተመለሱ በሁለተኛው ሳምንት ልጁ ትኩሳት ያዘው። ደሙ ተመርምሮ ወባ ተገኘ፤ መድኃኒቱም በዚያው ቀን ተጀመረለት፣ በጊዜ በመምጣቱም ተረፈ። የጤና ባለሙያዋ ካርዱን እየሞላች ጠየቀች።

«እዚያ ሳላችሁ የመከላከያ መድኃኒት ውሰዱ ብሎ ሐኪም አልነገራችሁም?»

«ነግሮን ነበር» አለ አባት፤ «ግን እሱ ባኮን የት ያውቃታል ብለን ነው።»