ሀብታም እንዲህ አያደርግም!

የፊልም ሐያሲ ሆደ ሰፊ ሰው ነው። ሰውዬው ሸረሪት ነድፎት ግድግዳ ላይ ሲወጣ ያምናል። ዝንጀሮ ፈረስ ጋልቦ መትረየስ ሲተኩስ «እሰይ፣ እንዴት ያለ ቅንብር!» ይላል። የሞተው ጀግና በክፍል ሁለት ምንም እንዳልሆነ ሰው ሲመጣም አይከፋውም። አንድ ጊዜ ግን ሆዱ ጠበበ። ሀብታሞች ምንም ሳይጎድልባቸው መድኃኒት ከድሃ ሊከለክሉ ይችላሉ ቢባል፣ «ኧረ ይሄስ በዛ! ጽሑፉ ቀዳዳ አለው» ብሎ ብዕሩን መዘዘ።

ይህ የሆነው በ2013 ነው። (ሌላ ካላልኩ ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።) ኒል ብሎምካምፕ የሚባል የጆሃንስበርግ ተወላጅ ዳይሬክተር «ኤሊዥየም» የተባለ ፊልም ይዞ መጣ። ይህ ሰው ከአራት ዓመት በፊት «ዲስትሪክት 9»ን በ30 ሚሊዮን ዶላር ሠርቶ፣ ሥራው ምርጥ ፊልም የሚለውን ጨምሮ ለአራት ኦስካር ታጭቶለት ነበር። በዚህ የተደሰቱት የሆሊውድ ባለገንዘቦች አሁን 115 ሚሊዮን ዶላር ሰጡትና «በል እንግዲህ፣ ስለ ድህነት ሥራልን» አሉት። ስለ ድህነት መሥራት መቼም ርካሽ ሆኖ አያውቅም።

ታሪኩ በ2154 ነው። ምድር ታማለች፤ ሎስ አንጀለስ የአቧራና የቆርቆሮ ከተማ ሆናለች። ሀብታሞቹ ጥለዋት ሄደው ሰማይ ላይ በሚሽከረከር ጎማ መሳይ ከተማ፣ ሣርና መዋኛ ባለበት ይኖራሉ። በየቤታቸው አልጋ የሚመስል ማሽን አለ። ገብተው ሲጋደሙበት በሰከንዶች ውስጥ ካንሰሩን ጠርጎ ያወጣል፤ ፊቱ በቦምብ የተገነጠለውን እንኳ መልሶ ይሠራል። ምድር ላይ ያለው ሕዝብ ይህን አልጋ ፍለጋ በኮንትሮባንድ መንኮራኩር ይሳፈራል፤ ከላይ ያለችው የመከላከያ ሹም ደግሞ በሚሳይል ታስመታዋለች።

ሹሟን የተጫወተችው ጆዲ ፎስተር ናት። ልጆቻቸውን ታቅፈው የተሳፈሩ ሰዎች በእሷ ትእዛዝ ሰማይ ላይ ሲበተኑ፣ ከሐያስያኑ ብዙዎቹን ያስጨነቃቸው ምን ይመስላችኋል? የንግግሯ ዘዬ! «ፈረንሳይኛ ነው? እንግሊዝኛ ነው? ደቡብ አፍሪካ ነው እንዴ?» እየተባለ የተጻፈው አንድ መጽሐፍ ሳይወጣው አይቀርም። እርግጥ ነው፣ ዘዬው ግራ ያጋባል። እኔም አልወደድኩትም። ነገር ግን ቤቱ እየተቃጠለ ስለ ጎረቤቱ የጩኸት ቅላጼ የሚከራከር ሰው አይቼ የማውቀው ያኔ ብቻ ነው።

ከፊልሙ ውስጥ አንዲት ትዕይንት አለች። ማክስ (ማት ዴመን) ሮቦት የሚገጣጥም ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ የቀድሞ ሌባ ነው። ያን ዕለት ጠዋት አውቶቡስ ሲጠብቅ ለሮቦት ፖሊሶች ቀልድ ቢጤ ጣል አድርጎ ክንዱን ሰብረውታል። የሰበሩት እሱ ራሱ ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራቸው የሚውሉት ናቸው። ክንዱን አሳስሮ ሥራ ይገባል። የጨረር ማስገቢያው ክፍል በር አልዘጋ ሲል አለቃው «ግባና አስተካክል፤ ካልገባህ የሚገባ ሌላ ሰው አላጣም» ይለዋል። ይገባል፤ በሩ ከኋላው ጥርቅም። ጨረሩን ተግቶ ሲወጣ አንዱ ሮቦት በአምስት ቀን ውስጥ እንደሚሞት ይነግረውና ማስታገሻ ክኒን ሰጥቶ ለክኒኑ ያስፈርመዋል። እዚህ ጋ የፋብሪካው ባለቤት ብቅ ይላል፤ ከላይ ከሰማይ የሚመላለስ ሰው ነው። በመስታወቱ አሻግሮ ያየውና የሚያሳስበውን ይጠይቃል፤ የሰውዬው ቆዳ ተልጦ ይረግፍ ይሆን? አንሶላ ማስቀየር አልፈልግም፣ በሉ አስወጡት።

ፈርሞ ክኒን መቀበሉና አንሶላው ይህን ፊልም ያቆሙት ምሰሶዎች ናቸው ባይ ነኝ። ሐያስያኑ ግን «መልእክቱ ጎላብን» አሉ። በመዶሻ ነው የሚነግረን፣ ስብከት ነው፣ ትንሽ ረቀቅ ቢል ኖሮ አሉ። እንዲህ ያለው ሰው ድህነት የሚስማማው ረቂቅ ሲሆን ነው መሰለኝ፤ ከሩቅ የሚሸት፣ በምሳሌ የሚነገር፣ ከእራት በኋላ ወይን እየቀመሱ የሚፈቱት ሲሆን። የ«ቫራይቲ» ሐያሲ በበኩሉ ፊልሙን ሆሊውድ ካወጣቸው ሥራዎች ሶሻሊስትነታቸውን በግልጽ ከሚናገሩት አንዱ አድርጎ ቆጠረው። 115 ሚሊዮን ዶላር የወጣበት፣ ገበያው ላይ 286 ሚሊዮን ያህል የሰበሰበ፣ የባለሀብቱ መንኮራኩር ላይ የቡጋቲ መኪና ዓርማ የተለጠፈበት ሶሻሊዝም! በእኛ ዘመን ሶሻሊዝም ሲመጣ ስኳር በካርድ ነበር፤ ቡጋቲ ማን አይቶ።

ደግሞ የቀረጻው ነገር አለ። የ2154ቷን ምድር ለማሳየት ቀራጮቹ ብዙ አልለፉም፤ ሜክሲኮ ሲቲ ሄደው በዓለም ላይ ካሉት ግዙፍ የቆሻሻ መጣያዎች በአንዱ ላይ ካሜራ ተከሉ። ሰማይ ላይ ያለችውን ገነት ሲፈልጉ ደግሞ ወደ ካናዳ፣ ወደ ቫንኩቨር ሄዱ። መቶ አርባ ዓመት መጠበቅ ሳያስፈልግ ሁለቱም ዓለም በአውሮፕላን ትኬት ተገኘ። ዳይሬክተሩ ይህ የወደፊት ታሪክ ሳይሆን የዛሬ ነው እያለ ሲናገር የሰሙት ጋዜጠኞች አባባሉን እንደ ማስታወቂያ ቆጠሩት። እነሱ የወደዱት ሌላውን ወሬ ነው። ማት ዴመን የደረቀ ሰገራ የተቀላቀለበት አቧራ እየዋጠ መሥራቱን በየቃለ መጠይቁ ተረከ፤ አድማጩም «አይዞህ ወንድሜ» አለው። በሜክሲኮ ሲቲ ቆሻሻ ሲለቅሙ የኖሩትን ሰዎች ግን አቧራው ምን ምን ይላል ብሎ የጠየቃቸው አላየሁም። ቆሼን የሚያውቅ ያዲስ አበባ ሰው ጣዕሙን ሳይነገረው ይገምታል።

ሐያስያኑ ልክ የሆኑበትም አለ፤ መካድ አይገባም። ከግማሹ በኋላ ፊልሙ ሐሳቡን ይጥልና ወደ ቡጢ ይገባል። ሁለት ሰዎች ብረት ለብሰው ኮሪደር ለኮሪደር ይላተማሉ፤ ሻይ አፍልታችሁ ስትመለሱም እዚያው ናቸው። የቲማቲም ሥዕል ለጥፎ ፊልም የሚመዝነው ታዋቂው የአሜሪካ ድረ ገጽ 65 ከመቶ ገደማ ሰጠው። ማለፊያ ነጥብ ነው፣ ለዩኒቨርሲቲ ግን አያስገባም። ይህን ሁሉ ሂስ ከልቡ ያመነ ሰው ቢኖር ራሱ ብሎምካምፕ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ጽሑፉ አልበሰለም ነበር፣ አበላሸሁት፣ እንደገና ብሠራው ደስ ይለኝ ነበር ብሎ በአደባባይ ተናዘዘ። በሆሊውድ እንዲህ ያለ ኑዛዜ ብርቅ ነው፤ ሌላው ቢሆን ተመልካቹን ነበር የሚወቅሰው።

ወደ ቀዳዳው እንመለስ። ብዙ ሐያሲና ከሐያሲ ያልተናነሰ ተመልካች አጥብቆ የያዘው ጥያቄ ይህ ነበር፤ አልጋዎቹ በሰከንድ የሚያድኑ ከሆነ፣ እንደ ልብ ካሉ፣ ለምን ጥቂቱን ወደ ምድር አያወርዷቸውም? ምን ይጎዳቸዋል? በመጨረሻው ትዕይንት ላይ እንደምናየው አልጋ የጫኑ የሕክምና መንኮራኩሮች ተዘጋጅተው ቆመዋል። ታዲያ እስከዛሬ ምን ያደርጉ ነበር? ሰው በከንቱ እንዲህ ይጨክናል? ይሄ የጸሐፊው ስንፍና ነው፤ ሀብታም እንዲህ አያደርግም!

ፊልሙን ለሁለተኛ ጊዜ ያየሁት አንድ የዲሽ ሠራተኛ ቤት መጥቶ ጣራና ሳሎን ሲመላለስ ነው። ምስሉ መጥራቱን ለማየት ገባና መፍቻውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ትንሿ ልጅ የደም ካንሰር ይዟት እናቷ አልጋውን ስትለምን ደርሰናል። እኔም አዋቂ ለመምሰል ያንኑ ያነበብኩትን ደገምኩለት። «የሚገርመው እኮ፣ ቢያወርዱላቸው ምንም አይጎድልባቸውም» አልኩት።

«ይጎድልባቸዋል እንጂ ጋሼ» አለኝ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል። «ሁሉም ከዳነ እነሱ በምን ሊበልጡ ነው?»

ከዚያ ለሥራው የጠየቀኝን ዋጋ ስሰማ ፊልሙን ከኔ በተሻለ እንደተረዳው ገባኝ።

ለነገሩ ሐያሲ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ አንገቱ ላይ የተንጠለጠለውን ባጅ ማየት ይበቃዋል። በካን ፊልም ፌስቲቫል የጋዜጠኛው ባጅ በቀለም ይበላለጥ ነበር። ነጩ ከሁሉ ቀድሞ ይገባል፣ ቀጥሎ ነጠብጣብ ያላት ሮዝ፣ ከዚያ ተራ ሮዝ፣ ከዚያ ሰማያዊ፤ ቢጫው መጨረሻ ላይ ቦታ ከተረፈ ነው። በዚህ ሰልፍ ተሰልፈው ነው በ2019 ደቡብ ኮሪያዊው ቦንግ ጁን ሆ ስለ ምድር ቤትና ስለ ቪላ የሠራውን «ፓራሳይት» ያዩት። ወደዱት፣ አጨበጨቡ፤ የመደብን ነገር እንዴት አድርጎ አሳየን ብለው ጻፉ። ቢጫ ባጅ ያለው ሰውዬ ምን ብሎ እንደጻፈ ባነብ እወድ ነበር።

«ኤሊዥየም» በወጣ በሰባት ዓመቱ ኮቪድ መጣ። አልጋውም መጣ፤ በክትባት መልክ። በጥቅምት 2020 ህንድና ደቡብ አፍሪካ፣ አዎ የብሎምካምፕ አገር፣ ዤኔቭ በሚገኘው የዓለም ንግድ ድርጅት ተገኝተው ወረርሽኙ እስኪያልፍ የባለቤትነት መብቱ ይነሣልንና እኛም እናምርት ብለው ጠየቁ። ላይ ያሉት ተቃወሙ። ምክንያታቸው ብዙ ነበር፤ አንሶላ የሚል ግን አልነበረበትም። ገነቲቱ የተቀረጸችባት ካናዳ ደግሞ ለሕዝቧ ብዙ እጥፍ የሚበቃ ክትባት አስቀድማ አዘዘች። አልበቃትም፤ በዋነኛነት ለድሆቹ አገሮች ይደርሳል ተብሎ ከተቋቋመው ከኮቫክስም ድርሻዬን አለች። በመጀመሪያው ዙር ድልድል ከሰባቱ የበለጸጉ አገሮች እንዲህ ያደረገች እሷ ብቻ ነበረች። በ2021 ደግሞ እዚያው ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በጠርሙስ የሚሞላ ክትባት፣ የአገሩ ሰው ወረፋ ይዞ ቆሞ ሳለ፣ ወደ አውሮፓ ይጫን ነበር። ማክስ ይህን ቢያይ አይገርመውም፤ ክንዱን የሰበረው ሮቦት የተገጣጠመው በራሱ እጅ ነው።

ወደ እኛ የመጀመሪያው ክትባት የገባው እንግሊዞች መከተብ ከጀመሩ ከሦስት ወር በኋላ፣ በእኛው የካቲት 28 ቀን ነው፤ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ለሆነ ሕዝብ 2.2 ሚሊዮን ገደማ። ያን ጊዜ ቦሌ ላይ ካርቶኑ ሲወርድ በእኛ አቆጣጠር ስንት ነበር? 2013 ዓ.ም.! ፊልሙን በአገራችን ዘመን ያየ ሰው ቢኖር የዜና ማሰራጫ ነው ብሎ ሳይሳሳት አይቀርም።

በዚያ ሰሞን እነዚያ የቀዳዳ ባለሙያዎች ተመልሰው ይቅርታ ይጠይቃሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። ማን ይመለሳል! እነሱ ሌላ ፊልም ላይ ናቸው፤ አንዱ ዘንዶ ክንፉ ሳይንሳዊ አይደለም ተብሎ ጭቅጭቅ ተነሥቷል።

እኔ ግን ያለፉትን አንድ እውነተኛ ቀዳዳ ላሳያቸው። በፊልሙ መጨረሻ ኮምፒውተር ላይ አንድ ቁልፍ ይነካል፤ የምድር ሕዝብ በሙሉ በዚያች ቅጽበት የገነቲቱ ዜጋ ይሆናል፤ መንኮራኩሮቹም ወዲያው ይነሣሉ። ኮሚቴ የለም፣ ረቂቅ የለም፣ «አቋማችንን በቀጣዩ ስብሰባ እናሳውቃለን» የሚል የለም። ዤኔቭ ላይ ያ ጥያቄ መልስ ያገኘው በሰኔ 2022 ነው፤ 20 ወር ፈጅቶ፣ ብዙ ነገር ተቀንሶለት፣ ክትባትን ብቻ ይዞ፤ ያኔ ደግሞ ገበያው በክትባት ጠግቦ ነበር። በጠርሙስ ሲሞላ የነበረው የደቡብ አፍሪካው ፋብሪካም በራሱ ስም ሊያመርት ተዘጋጅቶ አንድ እንኳ የሚያዝዝ አጣ።

ሌላም አለ። በ2021 ወደ ማላዊ ከተላከው ክትባት ከፊሉ የደረሰው ማብቂያ ቀኑ ሊደርስ ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይቀረው ነበርና፣ 20,000 ያህሉ ጊዜው አልፎበት በሕዝብ ፊት ተቃጠለ። በፊልሙ ላይ መንኮራኩሮቹ ሲያርፉ ልጆች እየሮጡ ይወጣሉ፣ ሙዚቃው ከፍ ይላል። የአልጋዎቹ የአገልግሎት ዘመን ስንት ቀን እንደቀረው የጠየቀ ሐያሲ ግን እስከዛሬ አላጋጠመኝም።