ከሚዛን በቀር ዳኛ ያጣ ወርቅ

ኧረ ሰለቸን። ጎጃም፣ ጉንደ ወይን ውስጥ ከአያት የወረደ ገንዘብ በሣጥኑ ያስቀመጠ ቤተሰብ ሁሉ የሚያነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይሸጥ ወይስ ይቀመጥ? ይሸጥ ከተባለስ በግራም ይሸጥ፣ ወይስ በዓይነቱ፣ በዓመቱና በገጹ ደኅንነት ተገምቶ? ከቢቸና እስከ ሞጣ ባለው መንገድ ለዚህ ቁም ነገር ያለው መልስ የሚሰጥ ሰው አጣን። ተናጋሪውማ ሞልቷል። ቡና የተፈላበት ቤት ሁሉ ገማች አለው። አንዱ «ሚሊዮን ያወጣል» ይላል፣ ሌላው «ከአሮጌ ብር ምን ይገኛል» ይላል። ሁለቱም ዕቃውን በእጃቸው ይዘው አላዩትም።

በየቤቱ ያለው አብዛኛው ጠገራ ብር ነው፤ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ ምስል ያለበት። ከዚያ የምኒልክ ብርና አላድ (ግማሽ ብሩ) ይከተላሉ። አልፎ አልፎ ደግሞ ወርቅ ይገኛል። አክስቴ ዘንድ ያለው ከዚህ ከሦስተኛው ወገን ነው። በ1958 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ 75ኛ የልደት ዓመት ሲከበር ባለ 10፣ ባለ 20፣ ባለ 50፣ ባለ 100 እና ባለ 200 ብር የወርቅ ሳንቲሞች ወጥተው ነበር። የእሷ ባለ 20ው ነው። 8 ግራም ይመዝናል፤ ከ1000 እጅ 900ው ንጹሕ ወርቅ ነው። ባሏ አዲስ አበባ በወታደርነት ኖሮ ሲመለስ ያመጣላት ነው። ጡረታው ሲቋረጥ አልሸጠችውም፣ ልጅ ሲታመም አልሸጠችውም። አሁን ግን የወርቅ ዋጋ ሲወራ ልጆቿ ዕረፍት ነሷት። በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ አንድ አውንስ ወርቅ በዓለም ገበያ ከ4000 ዶላር በላይ ሲወጣ፣ ብራችንም ከሐምሌ 2016 ወዲህ በዶላር ፊት ሲረክስ፣ የእሷ ሣጥን የሠፈሩ ሁሉ ጉዳይ ሆነ።

ወርቅ ቤት ይዣት ሄድኩ። ሰውየው ሳንቲሙን ተቀብሎ ገልበጥ ሳያደርገው፣ ዓመተ ምሕረቱን ሳያነብ፣ ጠርዙን ጥቁር ድንጋይ ላይ ጫረው። ጭረቱ ላይ አሲድ ጠብ አደረገና ቀለሙን አየ። ከዚያ ሚዛን ላይ ጣለው። «እማማ፣ 21 ነው። ለማቅለጫ የሚቀነስ አለ» አላት። 900 ከ1000 ማለት 21.6 ካራት ነው፤ ያቺ ነጥብ ስድስት በአንድ ቃል ቀለጠች። ማቅለጫ ያለው ደግሞ ለምንድን ነው? ይህ ሳንቲም ሲሠራ ገጹ ፊት የሚያሳይ፣ ጣት ሲነካው አሻራ የሚይዝ ነበር። ለሰብሳቢ የሚሸጠውም ያ ገጽ ነው። «ለምን ጫሩት?» ብዬ ስጠይቅ «ካልተጫረ በምን ይታወቃል?» አለኝ። ክብደቱና ስፋቱ ተለክቶ መጽሐፍ ላይ ከተመዘገበው ጋር ቢመሳከር እኮ ይታወቃል። መጽሐፉ ግን የለም፤ ስፋት የሚለካበትም የለም። ያለው ድንጋዩና አሲዱ ነው።

ይህ የአንድ ሰው በደል አይደለም። አንጥረኛው የሚገዛው ብረት ነው፣ ሥራውም ብረት ማቅለጥ ነው። የሚያንገበግበው ሌላ ነው። ከሱ ወዲያ የሚኬድበት በር የለም። ደላላው የሚልከን ወደ አንጥረኛ ነው፤ አንጥረኛው ዋጋ ይቆርጣል፤ የተቆረጠውም ዋጋ በገበያ ቀን አገር ያዳርሳል።

አባቶቻችን በዚህ ነገር ከእኛ ይሻሉ ነበር፤ ይህን ሳስብ ነው ይበልጥ የሚከፋኝ። በባሶ ገበያ ነጋዴው ጠገራ ብር ሲቀበል የንግሥቲቱን የደረት ጌጥ ፍሬዎች በጥፍሩ ይቆጥር ነበር፤ ዘጠኝ መሆን አለባቸው። ጠርዙ ላይ ጎላ ብለው የወጡትን ፊደሎች በአውራ ጣቱ ይዳስሳል፤ ፍትሕና ምሕረት የሚሉ የላቲን ቃላት ናቸው። ፍሬዎቹ ያለቁበትን «ደክሟል» ብሎ ይመልሳል። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ከአንድ ጠገራ ብር ይህን ሁሉ ያነብ ነበር። ክብደቱ 28 ግራም ከጥቂት ነጥብ ስለሆነ ወቄት የሚለካውም በሱ ነበር። ዛሬ ያው ጠገራ ብር ሚዛን ላይ ተጥሎ በግራም ይጠራል። የጠርዙን ፊደል በሞረድ የሚበላው አንጥረኛ የአያቱ አውራ ጣት ምን ይዳስስ እንደነበር የነገረው የለም።

ከዚያ ደግሞ የ1780 ጉድ አለ። በስልክ ፎቶ ተነሥቶ ለደላላ የተላከ ጠገራ ብር ሁሉ «የ1780 ነው፣ ከ240 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው» ተብሎ ይመለሳል። ባለቤቱ ሌሊቱን እንቅልፍ ያጣል። እውነቱ ይኸው ነው፦ ንግሥቲቱ በ1780 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከሞተች በኋላ የተመታው ማርያ ቴሬዛ ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ነው የሚወጣው። ቪየና መታችው። ሙሶሎኒ እኛን ሊወር ሲነሣ የማተሚያውን መብት በፈረንጆቹ 1935 ከኦስትሪያ ወስዶ ሮም ላይ አስመታው። ከዚያ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ ቦምቤይም መቱት። ኦስትሪያ ዛሬም ትመታዋለች። የየትኛው ከተማ እንደሆነ የሚለየው በጥቃቅን ምልክት ነው፤ በንስሩ ክንፍ ላባ፣ በነጥቡ፣ በጌጡ አሠራር። አብዛኛው ለሰብሳቢም ቢሆን ከብሩ ዋጋ ብዙ አይርቅም። ውስጡ 23.4 ግራም ያህል ንጹሕ ብር አለ፤ ያ ማንም የማይነሳው ዋጋው ነው። ይህን በግልጽ የሚነግር አንድ ሰው ቢኖር ስንት ቤተሰብ ከሐሰት ተስፋ በዳነ። ስንት ልጅ «እናቴ ሚሊዮን ደበቀችብኝ» ብሎ ከማኩረፍ በተረፈ።

በምኒልክ ብር ደግሞ በተቃራኒው ነው የምንጎዳው። በ1887 ዓ.ም. የተጻፈበት፣ ፓሪስ የተመታው የመጀመሪያው ብር ከኋለኞቹ ይለያል። የአንበሳው የተነሣው እግር ግራ ነው ወይስ ቀኝ፣ ዓመቱ 87 ነው 89 ወይስ 92፣ ይህ ሁሉ ዋጋ ይለውጣል። የግዕዙን ቁጥር ማንበብ የሚችል የቆሎ ተማሪና ቄስ በየደጁ ሞልቷል፤ ደብረ ዲማም መርጡለ ማርያምም ከእኛ ሩቅ አይደሉም። ሆኖም ሲሸጥ ዓመቱን የሚያነብለት የለም፤ ከጠገራ ብሩ ጋር አንድ ላይ ሚዛን ላይ ይወጣል። በምኒልክ ዘመን የተመታው የ1889 ዓ.ም. ወርቅ፣ በ1923 ዓ.ም. ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ የተመታው ወርቅ ቢገኝም ከዚህ አያመልጥም። ማን ያውቃል ስንቱ ቀልጦ የጆሮ ጉትቻ ሆኖ እንደቀረ።

እንግዲህ ውጭ አገር ያለው ዘመድ ደውሎ «እንዳትሸጡት፤ ደረጃ አሰጡት» ይላል። ደረጃ የሚሰጡ ድርጅቶች አሉ፤ ፒሲጂኤስና ኤንጂሲ የሚባሉት ሁለቱ የታወቁ ናቸው፣ ሁለቱም አሜሪካ ያሉ። ሳንቲሙን ይመረምራሉ፣ እውነተኛ መሆኑን ያረጋግጣሉ፣ ከ1 እስከ 70 ባለው መለኪያ ቁጥር ይሰጡታል፣ በታሸገ ጠንካራ ፕላስቲክ ውስጥ አድርገው ይመልሳሉ። ጥሩ ነገር ነው። እኛ ዘንድ ሲደርስ ግን የማይሞከር ይሆናል። ክፍያው በዶላር ነው፤ የመላኪያውና የኢንሹራንሱ ተጨምሮ ለአንድ ጠገራ ብር ከራሱ ከጠገራ ብሩ ይበልጣል። ደግሞ የታጠበ፣ የተቦረቦረ፣ ቀለበት የተበየደበት ሳንቲም ሙሉ ደረጃ አያገኝም፤ «እውነተኛ ነው፣ ግን ተጎድቷል» ተብሎ ይመለሳል። የእኛ አገር ሳንቲም ደግሞ ግማሹ ከድሪ ጋር አንገት ላይ የኖረ ነው፣ ቀዳዳው ጌጡ ነበር።

መላክስ መቼ ይፈቀድና? የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ሳንቲምን ከተንቀሳቃሽ ቅርስ ይቆጥራል፣ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። አዋጁን አልነቅፍም፤ ይህ ባይኖር ብራናውም መስቀሉም አልቆ ነበር። ግን እኮ አዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና የስጦታ መደብሮች መስኮት ላይ ጠገራ ብር ተደርድሮ ይሸጣል፤ የጉንደ ወይን ባልቴት «ይህንን አስመዝግቤ፣ አስመርምሬ ልመልሰው» ስትል ግን የምትሄድበት ቢሮ አታውቅም። አንድ መሥሪያ ቤት ይዣት ሄጄ «ደብዳቤ አጽፋችሁ ኑ» ተባልን። ደብዳቤውን ከማን እናጽፍ? ለሚጽፈው ቢሮ ይህ ጉዳዩ አልነበረም። ሌላው ባለሙያ «ቅርስ ከሆነ ለምን በእጅሽ ያዝሽው?» ብሎ አስደነገጣት። ከዚያ ወዲህ ሳንቲሙን ለሰው ማሳየት ፈርታለች። ሰው ሲፈራ ደግሞ የሚሸጠው ለሌሊት ገዢ ነው፤ በረከሰ ዋጋ፣ ያለ ምስክር።

የኔ አሳብ ይህ ነው፣ ለአክስቴም የነገርኳት ይኸው ነው። የእሷ ባለ 20 ብር ወርቅ ደረጃ ማሰጠት አያዋጣውም። ወርቁ በተወደደ ቁጥር ሰብሳቢ ከወርቁ ዋጋ በላይ የሚጨምረው እየሳሳ ይሄዳል፤ ጠርዙም ተጭሯል። ካስፈለጋት በ21.6 አስልታ፣ ሁለት ሦስት ቤት ጠይቃ ትሽጠው፤ ካላስፈለጋት ትያዘው፤ ወርቅ አይበላሽም። የምኒልክ 87 ወይም የ1889ኙ ወርቅ ያለው ግን ለማንም አንጥረኛ አይስጥ፤ ለነዚያ ምርመራው ይገባቸዋል። እሷ እስካሁን አልወሰነችም። ልጆቿ ተካፋይ ስለሆኑ ለሦስት የማይከፈል ነገር ቶሎ ገንዘብ እንዲሆን ይፈልጋሉ፤ ጠብ የሚያስነሣው ከዋጋው ይልቅ አለመከፈሉ ነው። በየቤቱም እንዲህ ነው። ሟች ከተቀበረ በኋላ የመጀመሪያው ክርክር በሣጥኑ ላይ ነው፤ ሁሉም ዋጋውን ስለማያውቅ እያንዳንዱ ሌላው የበለጠ እንደወሰደ ይጠረጥራል።

ደብረ ማርቆስ ላይ አንድ ሰው ቢቀመጥ ምን ነበረበት? ጥሩ ሚዛን፣ አጉሊ መነጽርና የሳንቲም መጽሐፍ ያለው፣ አይቶ ዓይነቱን፣ ዓመቱንና ክብደቱን ወረቀት ላይ ጽፎ፣ ማኅተም አድርጎ የሚመልስ። ሽጡም አትሽጡም አይበል። ምን እንደያዝን ብቻ ይንገረን። የባህል ቢሮውም መዝገብ ያገኝ ነበር፣ ባለቤቱም ማስረጃ ይዞ ገበያ ይወጣ ነበር። ይህን ለዓመታት ስንል ጆሮ የሰጠን የለም።

እስከዚያው ግን እባካችሁ፣ እናቶቼና እኅቶቼ፣ አትጠቡት። ለበዓል ሲመጣ በአመድና በሎሚ፣ አሁን ደግሞ በጥርስ ሳሙና እየተፈተገ ብዙ ጠፋ። ጥቁረቱ ቆሻሻ አይደለም፤ ብር በዕድሜው የሚለብሰው ነው፣ ገዢ የሚፈልገውም እሱን ነው። ጠርዙን ይዛችሁ አንሡት፣ ፊቱን በጣት አትንኩት፣ በንጹሕ ወረቀት ጠቅልላችሁ ለየብቻ አስቀምጡት። ፎቶ ሲጠየቅ ላኩ፤ ሳንቲሙን ግን «ላሳየውና ልመልሰው» ላለ ሰው፣ ዘመድም ቢሆን፣ አሳድራችሁ አትስጡ።