የባቡር ቅናሽ፣ ለሚያውቅ ብቻ

ሊድስ፣ ማንችስተር፣ ሼፊልድ የምንኖር ሐበሾች ልጆቻችንን ይዘን ለንደን የምንወርድበት ምክንያት አያልቅም። ክርስትና አለ፣ ሠርግ አለ፣ ለቅሶ አለ፣ የኤምባሲ ጉዳይ አለ። ከአገር ቤት የመጣች አያት ሂትሮው አርፋ የልጅ ልጆቿን ሳታይ አትመለስም። ልጅ ትቶ መሄድ ደግሞ የማይታሰብ ነው። ማን ጋር ይተዋል? እዚህ አገር ጎረቤትን «እስክመለስ ዓይንሽን ጣል አድርጊባቸው» ብሎ መውጣት የለም። ስለዚህ ቤቱ ሙሉ ይነሣል፣ የባቡሩን ዋጋ ያየ አባወራም ወገቡን ይይዛል።

ዋጋው አንድና ቁርጥ ቢሆን ሰው አንጀቱን አስሮ ይከፍላል። መከራው ቁርጥ ዋጋ የሌለው መሆኑ ነው። በአንድ ባቡር፣ በአንድ ፉርጎ፣ ጎን ለጎን ከተቀመጡ ሁለት ሰዎች አንዱ የሌላውን እጥፍና ከዚያም በላይ ከፍሎ ሊሆን ይችላል። ቀድሞ የቆረጠው ለዚያች ባቡር ብቻ የሚሠራውን «አድቫንስ» የሚሉትን ትኬት ይዟል፤ ጠዋት ጣቢያ ደርሶ የገዛው «ኤኒታይም» የሚባለውን፣ ከሁሉ ውዱን ከፍሏል። በመሐል «ኦፍ ፒክ» አለ፤ ሠራተኛው ከሚጋፋበት ሰዓት ውጭ የሚያገለግል ማለት ነው፣ ሰዓቱ ግን እንደ መስመሩ ይለያያል። ብሪቲሽ ሬይል እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ለግል ኩባንያዎች ከተከፋፈለ ወዲህ እያንዳንዱ ኩባንያ የራሱን ቅናሽና የራሱን ደንብ ሲደራርብ ኖሯል። አሁን መንግሥት ኩባንያዎቹን አንድ በአንድ ወደ እጁ እየመለሰ ነው፤ የትኬቱ ውስብስብነት ግን እንዳለ ነው።

«ቀድማችሁ ግዙ» ይሉናል። ምክሩ ከሁሉም አፍ ይሰማል። አድቫንስ ትኬት አብዛኛውን ጊዜ ከጉዞው 12 ሳምንት ገደማ ቀደም ብሎ ይወጣል፣ ርካሾቹም ቶሎ ያልቃሉ። እስቲ ከሦስት ወር በኋላ ያለውን ቅዳሜ ሥራ ይግባ አይግባ የሚያውቅ ከመካከላችን ማን ነው? ኬር የሚሠራው፣ ዌርሃውስ የሚያድረው፣ ሆቴል የምታጸዳው እናት ሺፍታቸው የሚነገራቸው ሳምንት፣ ቢበዛ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። ለቅሶማ ቀጠሮ የለውም። ኤምባሲም እንደማንኛውም መሥሪያ ቤት የሚከፍተው በሥራ ቀን ነው፤ ከሰሜን ተነሥቶ በጠዋት ለመድረስ የሚያዋጣው ባቡር ደግሞ ያው ውዱ ሰዓት ላይ የሚወጣው ነው። ደፍሮ ቀድሞ የገዛም ቢሆን አለቃው ሺፍቱን ከቀየረበት የአድቫንስ ገንዘብ ተመላሽ የለውም፤ ቀን ልቀይር ካለ መቀየሪያና የዋጋ ልዩነት ይከፍላል። የዓመት ፈቃዱን በጊዜ የሚያስመዘግበው፣ ደህና ደመወዝ ያለው ሰው በርካሹ ይሄዳል፤ በሰዓት የሚከፈለው ውዱን ይከፍላል። አንጀት የሚያሳርረው ይኼ ነው።

ቅናሽ የለም ማለት ደግሞ አይደለም፤ አለ፣ ደህና ቅናሽ ነው። «ፋሚሊ ኤንድ ፍሬንድስ ሬልካርድ» የሚባል ካርድ አለ። እ.ኤ.አ. እስከ መጋቢት 2025 ድረስ በዓመት 30 ፓውንድ ነበር፣ አሁን 35 ሆኗል። በአንድ ካርድ እስከ 4 አዋቂና 4 ልጅ ይሄዳል። አዋቂው ከትኬቱ ሲሶ ይቀነስለታል፤ ከ5 እስከ 15 ዓመት ያለው ልጅ ደግሞ ከልጅ ዋጋው ላይ 60 በመቶ። እንበል የአዋቂ ትኬት 60 ፓውንድ ነው፤ የልጅ ግማሹ፣ 30 ነው። እናት ከአንድ ልጅ ጋር ያለ ካርዱ 90 ትከፍላለች፣ በካርዱ 40 እና 12፣ በድምሩ 52። 38 ፓውንድ ተረፋት፤ ካርዱ ገና በመጀመሪያው መንገድ ዋጋውን መለሰ ማለት ነው። እናትና አባት ከሦስት ልጆች ጋር ሲሆኑ 210 የነበረው 116 ይሆናል። 94 ፓውንድ ለእኛ ቤት ቀላል ገንዘብ አይደለም፣ የሳምንት አስቤዛ ነው። ስሙ ቤተሰብ ይበል እንጂ ዝምድናም አይጠይቅም፤ የጎረቤትን ልጅ ይዞ የሚሄድም ይጠቀምበታል።

ታዲያ ይህን ካርድ ስንቱ ያውቃል? ጣቢያ ያለው ማሽን «ከልጅ ጋር ነዎት፣ ካርድ ቢይዙ ይህን ያህል ይቀንስልዎታል» ብሎ አይናገርም። የስልኩ አፕ የአዋቂውንና የልጁን ቁጥር ያስሞላል፣ ከታች «ሬልካርድ ጨምር» የምትል ትንሽ መስመር አለች፤ የማያውቅ ሰው አልፏት ይሄዳል። አምስት ሰው አስገብቶ ሙሉውን ይከፍላል፤ «ተሳስተሃል» የሚለው የለም። እንዲያውም አንዳንዱ የትኬት መሸጫ አፕ በላዩ ላይ የአገልግሎት ክፍያ ይጨምርበታል፤ ያው ትኬት በባቡር ኩባንያው በራሱ ድረ ገጽ ያለ ክፍያ እየተሸጠ።

ከሁሉ የሚገርመኝ የሕፃናቱ ነገር ነው። ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ በነፃ ይሄዳል። ደግ ነው፣ እሰየው። የሦስት ዓመት ልጅ ያላት እናት ስለዚህ ለራሷ ብቻ ቆርጣ 60 ፓውንድ ትከፍላለች። ሬልካርዱን ልጠቀም ብትል ደግሞ ካርዱ የሚሠራው ቢያንስ አንድ የልጅ ትኬት አብሮ ሲገዛ ነው። እንግዲህ በነፃ መሄድ ለሚችለው ልጇ የ12 ፓውንድ ትኬት ብትቆርጥለት የእሷ 40 ይሆንና በጠቅላላው 52 ትከፍላለች። ባልቆረጠችለት ጊዜ ከከፈለችው 8 ፓውንድ ያነሰ። ለልጁም የራሱ መቀመጫ ይያዝለታል፤ በነፃ ሲሄድ ግን ባቡሩ ከሞላ ጭኗ ላይ ነው፣ ሁለት ሰዓት ከምናምን። ቋንቋውን ገና የምትማር፣ በአንድ እጇ ጋሪ፣ በሌላው ስልክ የያዘች እናት ይህን ስሌት ከየት ታመጣዋለች? ደንቡን ያወጡት ሰዎች ራሳቸው ጣቢያ ቆመው ልጅ እያለቀሰባቸው ቢያሰሉት በወደድሁ።

ካርዱን ያገኘውም በሰላም አያድርም። ልጁ በጉዞው ጠዋት አተኮሰው እንበል። እናት ልጁን ለአባቱ ትታ ብቻዋን እሄዳለሁ ብትል ቅናሹ ፈረሰ፣ ምክንያቱም ካርዱ አዋቂና ልጅ አብረው እንዲጓዙ ያስገድዳል። ካርዱ ስልክ ውስጥ ሆኖ ባትሪው ካለቀ ወይም ዓመቱ ትናንት ከሞላ ተቆጣጣሪው ፊት ትኬት እንደሌለው ሰው መቆም ነው። በእንግሊዝ የመቀጫው ገንዘብ እ.ኤ.አ. ከጥር 2023 ጀምሮ ቢያንስ 20 ፓውንድ የነበረው 100 ሆኗል፣ የጉዞው ዋጋ ሳይጨመር፤ በ21 ቀን ውስጥ የከፈለ 50 ይሆንለታል። ልጁ 16 ዓመት የሞላው ዕለት ደግሞ፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ለብሶም ቢሆን፣ በባቡር ሒሳብ አዋቂ ነው።

ትኬት ከፋፍሎ መግዛት የሚባልም ዘዴ አለ። ከሊድስ ለንደን በአንድ ትኬት ከመሄድ እስከ ፒተርቦሮ አንድ፣ ከዚያ እስከ ለንደን ሌላ መግዛት አንዳንዴ ይረክሳል። ሰውየው ከወንበሩ አይነሣም፣ ባቡሩም ያው ነው፤ ባቡሩ በዚያ ጣቢያ የሚቆም እስከሆነ ድረስ ሕጋዊ ነው። እኔ ግን ይህን ዘዴ ሲያወድሱት ስሰማ እበሳጫለሁ። የሁለቱ ቁራጭ ድምር ከሙሉው የሚያንስ ከሆነ ሙሉው ትኬት ያለ አግባብ ተወዷል ማለት ነው፤ ተሳፋሪው ማታ ልጆቹን አስተኝቶ እንደ ሒሳብ ሠራተኛ ቁጥር ሲደምር ማደር አልነበረበትም።

ባቡር ሲዘገይ ገንዘብ የሚመልሱበት አሠራር መኖሩንም ብዙዎቻችን አናውቅም። በአንድ መንገድ ትኬት ግማሽ ሰዓት ከዘገየ ግማሹ፣ አንድ ሰዓት ከዘገየ ሙሉው ይመለሳል፣ የልጆቹም ጭምር። ግን አብዛኛውን ጊዜ ካልጠየቁ አይሰጥም፣ የሚጠየቀውም በ28 ቀን ውስጥ ነው። ከለቅሶ ቤት የተመለሰ ሰው ፎርም መሙላት ትዝ ይለዋል?

ለንደን ከገቡ በኋላ ያለው እፎይ የሚያሰኝ ነው። ከ11 ዓመት በታች ያለ ልጅ በአውቶቡስ በነፃ ነው፤ ከምድር በታች በሚሄደው ባቡርም አንድ ከፋይ አዋቂ በዚሁ ዕድሜ ያሉ እስከ አራት ልጆችን በነፃ ያስገባል። ይህ ለማንም ግልጽ ነው፣ ካርድ አይጠይቅ፣ ስሌት አይጠይቅ። ሲፈልጉ ማቅለል ይችላሉ ማለት ነው። በጀርመን የረጅም መንገድ ባቡር ከአዋቂ ጋር የሚጓዝ፣ ትኬቱ ላይ የተመዘገበ ልጅ እስከ 14 ዓመቱ አይከፍልም። እዚያ ያለው የሐበሻ ቤተሰብ ከፍራንክፈርት በርሊን ለሠርግ ሲሄድ ይህን ሁሉ ማስላት የለበትም።

መንግሥት ቁጥጥር የሚያደርግባቸው የትኬት ዋጋዎች በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. እስከ መጋቢት 2027 እንዳይጨምሩ ወስኗል። ጥሩ ነው። አድቫንስ ግን ቁጥጥር ውስጥ የለም፣ የደንቡ ጥልፍልፍም አልተነካም። የምንለምነው ትልቅ ነገር አይደለም። አዋቂና ልጅ አብረው ሲቆርጡ ማሽኑ ራሱ ርካሹን ዋጋ ያውጣ፤ ለቤተሰብ የታሰበ ቅናሽ ከሆነ ቤተሰቡ ሳይጠይቅ ይድረሰው።

እስከዚያው ግን እርስ በርስ እንነጋገር። በሰሜን እንግሊዝ ልጅ የሚያሳድግ ዘመድ ያላችሁ፣ ከቅዳሴ በኋላ ሻይ ስትጠጡ፣ ወይም በማኅበሩ ስብሰባ ላይ፣ ሬልካርድ እንዳለው ጠይቁት። ከሌለው አብራችሁት ቁጭ በሉና ለንደን ከመሄዱ በፊት አውጡለት።