«ታክሲ አጣሁ»፦ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የፍቅር ስንብት ላይ የተደረገ አጭር ጥናት

ሰው ፍቅረኛውን ፊት ለፊት «በቃኝ» ብሎ ሊለይ ይችላል የሚለው መላምት በአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች ገና አልተረጋገጠም። የዚህ ጥናት መረጃ የተሰበሰበው ከሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ነው፤ ተሳፋሪዎች ሳይጠየቁ፣ ስልካቸው ላይ እየጮኹ የሰጡት ቃል ነው። የሾፌሩ ሬዲዮ በመረጃው ጥራት ላይ መጠነኛ ጉዳት አድርሷል።

ዋናው ግኝት አንድ ነው፤ በእነዚህ ከተሞች ፍቅር የሚያልቀው በትራንስፖርት ችግር ነው።

ሰበታን እንውሰድ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የባቡር ሐዲድ መነሻ ናት፤ ሐዲዱ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ጅቡቲ ይገባል። የሰበታው ልጅ ግን «መንገዱ ተዘጋግቷል» ብሎ ሜክሲኮ መድረስ ካቃተው ወራት አልፈዋል። ፍቅረኛው «እስከ ዓለም ገና እኔ ልምጣልህ?» ስትለው ባትሪው ይዘጋል። የስልክ ባትሪ በተለይ በዚህ ጥያቄ ላይ የመዝጋት ጠባይ እንዳለው ተስተውሏል።

የቡራዩ ሰበብ ውሃ ነው። «ዛሬ ተራችን ነው፣ ሳልቀዳ አልወጣም» ትላለች የቡራዩዋ ልጅ። ከብዙ አሥርት ዓመታት ጀምሮ ለአዲስ አበባ ውሃ የሚልከው የገፈርሳ ግድብ ያለው እዚያው እሷ ዘንድ ነው። አስኮ ላይ የሚጠብቃት ልጅ ምናልባት በዚያው ውሃ ታጥቦ ቆሟል። ውሃው ደርሷል፣ እሷ አልደረሰችም።

ሱሉልታ ላይ ብርድ አለ። «በዚህ ጭጋግ እንጦጦን ማን ያቋርጣል!» የሚለው ሰው መስኮቱን ቢከፍት አትሌቶች ሲሮጡ ያያል፤ ቀነኒሳ በቀለ የሩጫ መም ያሠራው እዚያው ነው።

እነዚህ ሁሉ ሲያልቁ ጾም ይገባል። «ጾሙ ይፈታና በሰከነ መንፈስ እንነጋገር» ይባላል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ቀጥሎ የሐዋርያት አለ፤ ነሐሴ ሲብት ፍልሰታ፣ ኅዳር 15 ደግሞ የነቢያት ጾም ይገባል። በሥርዓት የተጠቀመበት ሰው ሳይለያይ ዓመቱን ሙሉ መለያየት ይችላል።

ሕጉም አይረዳም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መተጫጨትን ያውቅ ነበር፤ በጥፋቱ ያፈረሰው ወገን የወጣውን ወጪ እንዲሸፍንም ያዝዝ ነበር። የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ግን መተጫጨትን ሳያነሣው አለፈ። አዲሱ ገበያ ተቀምጣ የሱሉልታውን ሰው የጠበቀች ልጅ እንግዲህ የማኪያቶዋን ሒሳብ ከማን ትጠይቅ?

ተጠርጣሪዎቹ ሲጠየቁ «እንዳትከፋ ብዬ ነው» ይላሉ። አጥኚው አያምናቸውም። የፈሩት የሷን መከፋት ሳይሆን ስታለቅስ አብረው የሚቀመጡባትን ግማሽ ሰዓት ነው። እሷማ ከፍቷታል፤ የጎደላት ምክንያቱን ማወቅ ብቻ ነው። የባሰው ደግሞ እሱ «ክፉ ቃል አልወጣኝም» እያለ ራሱን በጨዋነት ማመስገኑ ነው።

በ2015 ዓ.ም. ሦስቱም ከተሞች በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ሰበቦቹ ግን እስካሁን በየክፍለ ከተማቸው እየሠሩ ነው።

ሜክሲኮ፣ አስኮ ወይም አዲሱ ገበያ ላይ ያቆማችሁት ሰው ካለ፣ እባካችሁ ዛሬውኑ ሂዱና ንገሩት። ታክሲ አለ።