የክብር እንግዳን ሶፋ ለመደንገግ የወጣ አዋጅ

አዋጅ ቁጥር 3/1
(ሦስት ሰው የሚያስቀምጥ ሶፋ፣ አንድ የዘገየ ሰው)

አዋጅ! አዋጅ! የደበሎ ቅዳጅ! ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ነጋሪት ስላልተገኘ የክበባችን ከበሮ ተጎስሟል። የከበሮው ቆዳ ባንድ በኩል ተተርትሯል፤ ማሠሪያው በሚቀጥለው ዓመት በጀት ይታያል ስለተባለ አዋጁን የምትሰሙት ባንድ ጎን ብቻ ነው።

መግቢያ

የሰፈራችን የኪነ ጥበብ ክበብ ዓመቱን ሙሉ ሲለማመድ ከርሞ በዓመት አንድ ቅዳሜ የራሱን ፌስቲቫል የሚያዘጋጅ በመሆኑ፤

ይኸው ፌስቲቫል በባነሩ ላይ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይጀመራል ተብሎ ተጽፎ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ10 የተጀመረ በመሆኑ፤

በነዚህ ሦስት ሰዓት ከዐሥር ደቂቃዎች ውስጥ በድንኳኑ ፊተኛ ረድፍ አንድ ቡናማ ሶፋ ተቀምጦ፣ ሕዝቡ ቆሞ የዋለ በመሆኑ፤

ኪነ ጥበብ ለሀገር ግንባታ የማይተካ ሚና ያለው መሆኑ በዚያው ቀን አራት ጊዜ የተነገረ በመሆኑ፤

የአዋጅ አውጪው ንዴት እስካሁን ያልበረደ በመሆኑ፤

የሚከተለው ታውጇል።

1. አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ "የሶፋው አዋጅ" ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ረጅም ርዕስም ነበረው፤ መድረክ መሪው "ሰዓት ተጣቦብናል" ብሎ አሳጠረው።

2. ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር በዚህ አዋጅ ውስጥ፦

"ፌስቲቫል" ማለት የክብር እንግዳ የሚጠበቅበት ድንኳን ነው።

"የክብር እንግዳ" ማለት በመካከላችን ይገኛሉ ተብለው የሚጠበቁ ሰው ናቸው።

"ተወካይ" ማለት የክብር እንግዳው በሥራ መደራረብ ምክንያት ሲቀሩ በሳቸው ፈንታ የሚዘገይ ሰው ነው።

"ፕሮቶኮል" ማለት አንገቱ ላይ ባጅ አንጠልጥሎ ሌላውን ሰው ከመቀመጫው የሚያስነሣ ወጣት ነው።

"ከያኒ" ማለት ተነሥ ሲሉት የሚነሣ ነው።

በወንድ ጾታ የተገለጸው ሴትንም ይጨምራል፤ ሴቶቹም ቆመው ነው የዋሉት።

3. የተፈጻሚነት ወሰን

ድንኳን በተተከለበት ሁሉ።

4. ስለ ሶፋው

1) በማንኛውም የሰፈር ፌስቲቫል ላይ በፊተኛው ረድፍ ለክብር እንግዳ የሚሆን አንድ ሶፋ ይቀመጣል። ከሶፋው ፊት ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው ላይ ዳንቴል፣ ከዳንቴሉ ላይ ሁለት የታሸገ ውሃና የፕላስቲክ አበባ ይደረጋል።

2) የክብር እንግዳው እስኪደርሱ ድረስ በሶፋው ላይ ማንም ሰው አይቀመጥም።

3) በዚህ አንቀጽ ንዑስ አንቀጽ (2) የተደነገገው ቢኖርም፣ የሚከተሉት በሶፋው ላይ መቀመጥ ይችላሉ፦

ሀ) የክብር እንግዳው ተወካይ፤

ለ) ተወካዩ የቀረ እንደሆነ የተወካዩ ተወካይ፤ ሆኖም የተወካዩ ተወካይ ጠርዙ ላይ ይቀመጣል እንጂ ተደላድሎ ጀርባውን ማስደገፍ አይችልም፤

ሐ) ሶፋውን እንዲጠብቅ የተመደበው ፕሮቶኮል፣ እግሩ የዛለና ማንም አያየኝም ብሎ ያሰበ እንደሆነ፤

መ) የክብር እንግዳው ቦርሳ፤ ቦርሳው ከባለቤቱ ቀድሞ የደረሰ እንደሆነ ሕዝቡ ከቆመበት ቀጥ ይልለታል፤

ሠ) ድመት። ድመት ፊደል ስላልቆጠረች በሶፋው ጀርባ የተለጠፈውን "ለቪአይፒ ብቻ" የሚል ወረቀት አንብባ ልትታዘዝ አትችልም። በዕለቱ ከ3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ድረስ ተመችቷት የዋለችው እሷ ብቻ ነበረች።

4) የሚከተሉት ግን፣ ምንም ዓይነት ምክንያት ቢያቀርቡ፣ በሶፋው ላይ አይቀመጡም፦

ሀ) ዕድሜያቸው ሰባን ያለፈ፣ ለክበቡ ልጆች ማሲንቆ በነጻ የሚያስተምሩ ሰው። እኚህ ሰው ፀሐይ ላይ ቆመው የማሲንቋቸውን ጭራ ሦስት ጊዜ በዕጣን አሹት። ሦስቱንም ጊዜ "ደረሱ፣ ደረሱ" ተብሎ ነበር። የደረሰው ግን አንደኛ የጄኔሬተሩ ናፍጣ፣ ሁለተኛ ፈንዲሻው፣ ሦስተኛ መንገድ የጠፋበት የሠርግ መኪና ነው፤

ለ) ልጅ ያዘለች እናት፤ ልጁ በዕለቱ ዘፋኝም ቢሆን፤

ሐ) የሶፋው ባለቤት።

5) የሶፋው ባለቤት ማለት እኔ ነኝ። ይህችን ንዑስ አንቀጽ በሕግ ቋንቋ ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ሞክሬ አልሆነልኝም። ሶፋው የኔ ነው! እቁብ ሲወጣልኝ መርካቶ ወርጄ፣ ተከራክሬ፣ በአይሱዙ አስጭኜ ያመጣሁት ሶፋ ነው። በዋዜማው የኮሚቴው ሰዎች መጥተው "ጋሼ፣ ለክብር እንግዳው የሚሆን መቀመጫ አጣን" ሲሉኝ፣ ከአምስት የክበቡ ልጆች ጋር ሆነን፣ በሩ አላሳልፍ ቢለን እግሮቹን ፈትተን፣ ኮረኮንቹን ቁልቁል ተሸክመን አደረስነው። በማግስቱ ወገቤን ያዘኝና ጫፉ ላይ አረፍ አልኩ። ፕሮቶኮሉ መጣ። "ፋዘር፣ ይነሡ፤ እዚህ የሚቀመጠው የሚታወቅ ሰው ነው" አለኝ። እኔ ደግሞ ሶፋውን አውቀዋለሁ። በግራ በኩል ያለችውን የሻይ እድፍ እንኳ የማን እንደሆነች አውቃለሁ፤ ልጄ የማትሪክ ውጤቷን የሰማች ዕለት ያፈሰሰችው ነው። ይኼን ሁሉ ልነግረው አፌን ከፈትኩና ተነሣሁ። የሚያናድደኝ መባረሬ አይደለም። መነሣቴ ነው።

6) በንዑስ አንቀጽ (5) የታየው የቋንቋ መውረድ ታርሟል።

7) የሶፋው ባለቤት በሶፋው ላይ ሊቀመጥ የሚችለው፦

ሀ) ሶፋው ወደ ሳሎኑ ከተመለሰ፤

ለ) ሲመለስ አራቱም እግሮች አብረው ከተመለሱ፤

ሐ) "ለቪአይፒ ብቻ" የሚለው ወረቀት ሲላጥ የሶፋውን ቆዳ ይዞ ካልተነሣ ብቻ ነው።

8) የክብር እንግዳው በሶፋው ላይ የተቀመጡት ለዘጠኝ ደቂቃ መሆኑ ይመዝገብ። የቀረውን 35 ደቂቃ ቆመው ንግግር አድርገው፣ ሌላ ፕሮግራም ስላለባቸው ተጨብጭቦላቸው ሄደዋል። ውሃውን አንዱን ጠጡ፤ ሌላውን ሾፌራቸው ወሰደ።

5. ስለ ድንኳኑና አግዳሚው

የእድር ናቸው። ለቅሶ የደረሰ እንደሆነ ይነሣሉ። (በዕለቱ አምስት ሰዓት ገደማ አንድ መንገደኛ ድንኳኑን፣ ዝምታውንና ጉንጫቸውን በእጃቸው የደገፉትን ሰዎች አይቶ ገባ፤ ትንሽ አንገቱን ደፍቶ ቆመ፤ "እግዜር ያጥናችሁ" ብሎ ወጣ። ማንም አላረመውም።)

6. ስለ ኪነ ጥበብ

ሰዓት ከተረፈ ይቀርባል።

7. ስለ ክበቡ የዓመት ሥራ

ክበቡ በመስከረም አበባየሆሽ ያስጨፍራል፤ ኅዳር 29 ይጠራል፤ የካቲት 23 ይጠራል፤ በስድስት ቀን ልዩነት የካቲት 29 ደግሞ ስለ ሴቶች እኩልነት ይጠራል፤ በክረምት ችግኝ ሲተከል ይጠራል፤ ግብር መክፈያ ሲደርስ "ስለ ግብር ዐሥር ደቂቃ የሚሆን፣ ትንሽ የሚያስቅ ድራማ" ተብሎ ዛሬ ማታ ደብዳቤ ደርሶት ነገ ጠዋት ይጠራል። ክፍያው አንድ ብስኩት፣ አንድ ውሃና የዕለቱ መፈክር የታተመበት ቲሸርት ነው። ቲሸርቱ ሁልጊዜ ኤክስላርጅ ነው፤ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጆቻችን ጉልበታቸው ድረስ ለብሰውት ውሃ ይቀዱበታል። ለሌላው ቀን ሁሉ በሰዓቱ የምንደርስ እኛ፣ የራሳችን ቀን ሲደርስ ሰዓት የለም።

8. ስለ በጀት

ይታያል።

9. ስለ ተውኔቱ

1) የዘንድሮው ተውኔት የቦኖ ውሃ ወረፋ ነው። ልጆቹ ራሳቸው ናቸው የጻፉት፤ እኔ ሥራዬ ሆሄ ማረም ነበር። ከመስከረም ጀምሮ በየቅዳሜው ተለማምደውታል። ርዝመቱ 40 ደቂቃ ነው። የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ የአያቷን ነጠላና ምርኩዝ ተውሳ አሮጊት ሆና ትሠራለች። በ35ኛው ደቂቃ ቧንቧው ያስነጥሳል፤ ከዚያ ውሃው ይመጣል፤ አሮጊቷም ሲገፏት ለዋሉት ሰዎች ሁሉ ወረፋቸውን ትመልስላቸዋለች። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያች መጨረሻ ላይ ነው።

2) እድሩ ድንኳኑን በ8 ሰዓት ስለሚፈልገው፣ ከንግግሮቹም በኋላ የምስክር ወረቀትና የፎቶ ሥነ ሥርዓት ስለነበረ፣ ተውኔቱ "በ5 ደቂቃ ይቅረብልን" ተባለ። ልጆቹ ጀሪካኖቹን ደረደሩ። ሁለቱ ተጣሉ። መድረክ መሪው ማይኩን ይዞ ገባና "እናመሰግናለን! ሞቅ ያለ ጭብጨባ!" አለ። ውሃው ሳይመጣ ተጨበጨበ። ልጅቷ ነጠላዋን እንዳደገደገች መሐል መድረክ ላይ ቆማ ቀረች። ከዚያ እኔን ፈልጋ አገኘችኝና "ጋሼ፣ አለቀ?" አለችኝ።

"አዎ" አልኳት።

3) ይህ ንዑስ አንቀጽ ቀልድ ሊገባበት ታስቦ ነበር።

4) ለማነጻጸሪያ ያህል፦ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም "የአውሬዎች ኮሜዲያ" የተባለውን የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ሲያሳዩ፣ አውሬዎቹ ባለሥልጣናቱን መስለው ስለተገኙ ተውኔቱ ታገደ። ክፉ ሥራ ነው፤ ያም ሆኖ ሰዎቹ መጥተው፣ አይተው፣ ገብቷቸው ነው የተቆጡት። የኛን ተውኔት የከለከለ የለም። ማንም ሳይከለክለው ሳይታይ ቀረ።

10. ስለተሻሩና ስላልተሻሩ ሕጎች

1) "ክቡርነታቸው መንገድ ላይ ናቸው" የሚለው ልማዳዊ አሠራር ተሽሯል።

2) የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 እንዳለ ሆኖ፣ ያ አዋጅ እንኳ ሶፋ አለመንካቱ ለትምህርት ይሁን። ቀበሌም፣ በየቀበሌው የተቋቋመው ኪነትም ዘራቸው ከሱ ይመዘዛል፤ ቤት ወሰደ፣ ሳሎን ገብቶ ግን "ፋዘር፣ ይነሡ" አላለም።

3) በ1927 የተቋቋመው የሀገር ፍቅር ማኅበር ሕዝቡን አደባባይ ላይ ሰብስቦ በንግግርና በዘፈን ሲቀሰቅስ ሊመጣ የነበረው ጣሊያን ነው። ሦስት ሰዓት ቆመን የጠበቅነውን እኛ ሪባን እንዲቆርጥልን ነው የጠራነው።

11. ቅጣት

ይህንን አዋጅ የተላለፈ የክብር እንግዳ ሙሉውን ተውኔት ቁጭ ብሎ እንዲያይ ይፈረድበታል። በአግዳሚ ላይ።

12. አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

አዋጁ በነጋሪት ጋዜጣ እስኪታተም አንጠብቅም፤ በመጠበቅ በኩል የዘንድሮን ድርሻችንን ጨርሰናል። ከመጪው ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ጀምሮ የጸና ይሆናል። 3 ሰዓት ማለት 3 ሰዓት ነው። በዚያው ሰዓት በክበቡ መለማመጃ ተውኔቱ ሙሉው 40 ደቂቃ ይታያል፤ ውሃው ይመጣል። ማሲንቆው ከፊቱ ይመታል፤ መቺው ተቀምጠው ነው። የክብር እንግዳ አልተጠራም። ሶፋው ሦስት እግሩን ይዞ ተመልሷል፤ አራተኛውን ያገኘ ለክበቡ ያስረክብ። ወንበር ስለሌለን በርጩማችሁን ከቤት ይዛችሁ ኑ።

የሶፋው ባለቤት