ልጅ ደክሞ አባት ተጠቀሰ

ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ የዘመናዊ ኢትዮጵያን ታሪክ በእንግሊዝኛ ጽፈው እ.ኤ.አ. በ1991 አሳተሙ። ተመራቂያችን ግን በመመረቂያ ጽሑፉ «ዘውዴ፣ 1991» ብሎ ይጠቅሳል። ልጅ ደክሞ ጻፈ፣ አባት ተጠቀሰ! ለነገሩ ጥፋቱ የተማሪው ብቻ አይደለም፤ ኤፒኤ የሚሉት የአሜሪካኖች የማጣቀሻ ሥርዓት የቤተሰብ ስም አምጡ ይላል። እኛ ደግሞ የለንም፤ አባታችንን ሰጥተን ተገላገልን። አማካሪው ይህችን አይተው እንዳላዩ ያልፏታል። ከዓመተ ምሕረቱ በፊት ኮማ ከጠፋች ግን ወዮለት፣ ገጹ በቀይ እስክሪብቶ ይቀላል።

ተማሪው መጽሐፉን ገልጦ እንዲያይም አትድከሙበት። ጥቅሱን ከአምና ተመራቂ ከነፊደል ግድፈቱ ወርሶታል፤ ያም ከካቻምናው። ለእነዚህ ባለውለታዎች ብቻ የዋቢ ዝርዝሩ ቦታ የለውም።